ለአገር በቀል ግቢ አምስት መሣሪያ ይበቃል

በግቢው ወይራ፣ ጽድ ወይም ኮሶ ሊተክል ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የችግኙን ዋጋ ነው። ችግኝን የሚያጸድቀው ወይም የሚያደርቀው ግን ሥሩ አፈር ውስጥ የሚገጥመው ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ በእጅ መሣሪያው ይወሰናል። ዶማ፣ አካፋ፣ ምላጭ፣ መኮትኮቻና የመግረዣ መቀስ በየተራቸው በአግባቡ ከሠሩ ሌላው ትርፍ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዶማና የአካፋ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ከምሩ፤ ሲተከል ሥሩን የሚያቅፈው የላዩ አፈር መሆን አለበትና። መሬቱ መረሬ ከሆነ እርጥብ አፈር በአካፋ ሲቆረጥ የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ልስን ይለሰልስና ሥር አላሳልፍ ይላል። በዶማው ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት።

ሐምሌ ላይ አፈሩ በደንብ ሲርስ ተራው የምላጭ ነው። ችግኙ ያደገበትን ፕላስቲክ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃችሁ አፈሩ ሳይፈርስ ግለጡት። ችግኙ በፕላስቲክ ውስጥ ከከረመ ከግርጌው እንደ ክር የተጠቀለለ ሥር ታያላችሁ፤ እሱን ቁረጡ። ካልተቆረጠ እዚያው እየዞረ ይወፍራል፣ ዛፉም ካደገ በኋላ በነፋስ ይገነደሳል። ከዚያም የችግኙ አንገት፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት፣ ሳይቀበር ትከሉ፤ አፈሩን መልሳችሁ በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት።

«አገር በቀል ተክል አየሩን ስለለመደ እንክብካቤ አይሻም» የሚሉ አሉ። ይህ ሥሩ ለጠለቀ ዛፍ እውነት ነው፤ በችግኝ ጣቢያ ውኃ እየጠጣ ላደገ ችግኝ ግን አይሠራም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ዓመት መኮትኮቻ ያስፈልጋል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ በዙሪያው ግማሽ ሜትር ያህል አረሙን ንቀሉ፤ መጋቢ ሥሮች ላይ ላዩን ስለሚሄዱ በጥልቀት አትኮትኩቱ። ዘር ያልያዘውን አረም እዚያው አልብሱት፣ ግንዱን ግን አይንካ። በበጋም ውኃ አትንፈጉት።

«ማሽን ጊዜ ይቆጥባል» የሚለውም ለሰፊ ሜዳ እንጂ ለግቢ አይሆንም። የሣር ማጨጃ ማሽን የለጋውን ግንድ ልጣጭ ዙሪያውን ከገፈፈው ችግኙ ይደርቃል፤ በመኮትኮቻ የሚሠራ እጅ ግን የሚነካውን ያያል።

መቀስ የሚያስፈልገው ተክሉ ቅርንጫፍ ካበዛ በኋላ ነው። የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር የሚያያይዘውን እብጠት ሳትነኩ፣ ጉቶም ሳታስቀሩ ቁረጡ። የደነዘ መቀስ ልጣጩን ይቀጠቅጣል፤ የተቀጠቀጠ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ ስለቱን በአልኮል ጥረጉት። ከሥራ በኋላ የሁሉንም መሣሪያ ጭቃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ብረቱንም ዘይት ቀቡት።

እንግዲህ ዘንድሮ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ዶማውን ሞርዱ፣ መቀሱን ሳሉ።