የሜርኩሪ አምፖልና ነጩ ሽፋኑ

በዛሬው ትምህርታችን ስለ ሜርኩሪ አምፖል እናያለን። ይህ በመንገድ፣ በፋብሪካና በትልልቅ ግቢዎች ይሰቀል የነበረው፣ ቅርጹ እንቁላል የሚመስል ነጭ አምፖል ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመብራት እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ያልተቀየረ አሮጌ አምፖል ግን ሊያጋጥመን ስለሚችል ማወቁ ይጠቅማል።

አምፖሉ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ ሁለት መስታወት ነው። የውስጠኛው ኃይለኛ ሙቀት የሚችል የኳርትዝ ቱቦ ሲሆን ጥቂት ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዜቃና አርጎን የሚባል ጋዝ ይዟል። ሲበራ ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በአርጎኑ ያልፋል፤ ከዚያ ሙቀቱ ባዜቃውን ያተነዋል። ሙሉ ብርሃን እስኪሰጥ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጀው ለዚህ ነው። አጥፍታችሁ ወዲያው ብታበሩት ደግሞ እስኪቀዘቅዝ እምቢ ይላል።

የባዜቃ ብርሃን ቀይ የለውም ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ፒተር ኩፐር ሂዊት እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያገኘበት የባዜቃ መብራት ሰማያዊ አረንጓዴ ስለነበረ የሰው ፊት በድን ያስመስል ነበር። ባዜቃው ግን ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረርም ያወጣል። ስለዚህ በውጭው መስታወት የውስጥ ገጽ ላይ ፎስፈር የሚባል ነጭ ዱቄት መቀባት ተጀመረ። ዱቄቱ ጨረሩን ተቀብሎ ቀይ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተለመደው ዱቄት ዩሮፒየም የተጨመረበት ዪትሪየም ቫናዴት ነው፤ ያኔ ለባለ ቀለም ቴሌቪዥን ቀዩን ቀለም የሰጠውም እሱ ነው።

እንግዲህ የውጭው መስታወት ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ! ኳርትዙ ጨረሩን ያሳልፋል፤ አደገኛውን የሚያስቀረው የውጭው ነው። እሱ ተሰብሮ የውስጡ ቱቦ መብራቱን ሊቀጥል ይችላል። ያን ጊዜ ጨረሩ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚሰማው ግን ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ምክንያቱን አያውቀውም።

ስለዚህ ውጩ ተሰብሮ የሚበራ አምፖል ካያችሁ፦

1. አሻቅባችሁ አትዩት፤ ከሥሩም አትቁሙ።
2. ማዳም «ቶሎ ጥረጊ» ብትልም መጀመሪያ ማጥፊያው ይጥፋ።
3. የውስጡም ቱቦ ከተሰበረ ባዜቃው መርዝ ነውና በመጥረጊያም ሆነ በቫክዩም አትንኩት። ቤት ውስጥ ከሆነ መስኮት ክፈቱ። ጓንት አድርጋችሁ በወፍራም ወረቀት ሰብስቡት፣ የቀረውን በእርጥብ ወረቀት አንሱት፣ ከዚያ በሚከደን ዕቃ ዝጉት።

ይህን ላላነበቡት ጓደኞቻችሁም ንገሩ። ጌታ ይጠብቃችሁ።