እስቲ ትኬትህን ልየው

ስልክህን አትደብቀው፣ አይቼዋለሁ። አሥር ጨዋታ ደርድረሃል፤ አርሰናል፣ ባርሳ፣ ደግሞ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የቱርክ ክለብ። ልቆጣህ አይደለም። እኔም እዚሁ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን ላይ ተቀምጬ ነው ሱፐርቫይዘር የሆንኩት፤ ደሞዝ ከገባ በሳምንቱ ኪስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ሳያልቅ ጠጋ በልና አብረን እንየው።

«ሕጋዊ ነው እኮ እህቴ፣ ፈቃድ አላቸው» ልትለኝ ነው አይደል? አላቸው። በአዋጅ 535/1999 የሎተሪ ሥራ የተሰጠው ለብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ነበር፤ ቤቲንግ ቤቶቹም የሚሠሩት ከመንግሥት ፈቃድ ወስደው ነው። ፈቃዱ ግን ድርጅቱ የታወቀ መሆኑን፣ ለመንግሥት የሚገባውን መክፈል እንዳለበት፣ ሲወጣልህም ሊክድህ እንደማይገባ ነው የሚነግርህ። አንተ ታተርፋለህ የሚል ቃል የለበትም።

ሕጉን ከጠራኸው ደግሞ ሙሉውን እንጥራው። 21 ዓመት ያልሞላው ሰው መወራረድ ክልክል ነው። ፓርኩ በ18 ይቀጥራል፣ አንተ ገና 19ህ ነው። ታዲያ ይህ አካውንት የማን ነው? አብሮህ ቤት የተከራየው ልጅ፣ አይደል? ብሩ ቢወጣ የሚገባው በእሱ ስም ነው። «የኔ ድርሻ» ብትለው የምታሳየው ወረቀት የለህም። ልክሰሰው ብትል መጀመሪያ የምትናዘዘው የራስህን ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ኦዱ እንምጣ። እኔ ኳስ አላውቅም፣ ሒሳብ ግን አውቃለሁ። በአንድ ጨዋታ 3 ጎል ይሞላል ወይስ አይሞላም ተብሎ፣ ዕድሉ እኩል ለእኩል ሲሆን፣ ለሁለቱም ወገን በአንድ ብር 1.85 ይሰጡሃል እንበል። ትክክለኛው ዋጋ 2 ነበር። ያቺ 0.15 የቤቱ ናት፤ ማንም ያሸንፍ ማን ትቀራለች። አንድ ጨዋታ ላይ ትንሽ ትመስላለች። አንተ ግን አሥር ነው የደረደርከው። አሥሩም እንዲህ ያሉ ቢሆኑ፣ 10 ብር ብታስይዝ ስልኩ 4,696 ብር ያሳይሃል፤ ዓይንህም የሚቀረው እሱ ላይ ነው። አሥሩም የመግባት ዕድላቸው ግን ከ1,024 አንዴ ነው። ዕድሉ እንዲህ ከሆነ በሐቁ ሊከፈልህ የሚገባው 10,240 ብር ነበር። ከግማሽ በላዩ ገና ኳሱ ሳይመታ ሄዷል። በላዩ ላይ ደግሞ ግብር አለ፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ 15 በመቶ ተጥሎ ነበር፤ በዚያ ስሌት ከ4,696ቱ 704 ብር ይነሳና እጅህ የሚደርሰው 3,992 ነው። «አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የጣለኝ» እያልክ በየሳምንቱ የምትናደደው ለዚህ ነው። ብዙ ጨዋታ ሲደረደር አንዱ መጣሉ የተለመደ ነገር ነው፤ እነሱም ደርድር ደርድር የሚሉህ ለዚሁ ነው።

ቴሌግራም ላይ «ፊክስ» የሚሸጥልህ ሰውዬማ ጭራሽ ሌላ ነው። ለ900 ሰው ይጽፋል፤ ለ300ው ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ለ300ው አቻ፣ ለ300ው እንግዳው ይላል። በመጀመሪያው ጨዋታ 300ው ትክክል ነው ይላሉ። እነሱን ብቻ ይዞ ይደግመዋል፣ 100 ይቀራሉ። ያ መቶ ሰው ሁለቴ ሲሳካለት አይቷልና ለሦስተኛው ይከፍላል። አንተ ከመቶው አንዱ ስለሆንክ ነቢይ ያገኘህ መሰለህ። የውጤት ሚስጥር በእጁ ያለ ሰው ለአንተ በ500 ብር ይሸጣል? ራሱ ተወራርዶ ዝም ነው የሚለው።

ኡስታዝ አይደለሁም፣ ሐራምና ሐላልን ከመስጊድ ትጠይቃለህ። ግን ትናንት «ዱባይም እኮ ፈቅዳለች» ስትል ሰምቼሃለሁ። እውነት ነው፤ ኤምሬቶች በ2023 እ.ኤ.አ. የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቁመው በማግስቱ ዓመት ሎተሪ ፈቀዱ። ግብፅም ካዚኖ አላት፤ ግን የውጭ ፓስፖርት ለያዘ ነው፣ የአገሬው ሰው አይገባበትም። ማሌዢያ ተራራ ላይ ትልቅ ካዚኖ አላት፣ ሙስሊም ዜጋዋን በሩ ላይ ትመልሳለች። ቱርክ በ1998 እ.ኤ.አ. ካዚኖዎቿን ዘጋች፣ የኳስ ውርርዱን ግን በመንግሥት ፈቃድ ታስኬዳለች። እንግዲህ መንግሥታት እንደየገቢያቸው ነው የሚፈቅዱት። እኔን የገረመኝ ግብፅና ማሌዢያ ናቸው፤ ገንዘቡን ፈልገው ሳለ አንዷ ዜጋዋ፣ ሌላዋ ሙስሊም ዜጋዋ እንዳይበላ መጠንቀቃቸው። እኛ ዘንድ ግን በሩ የተከፈተው ለራሳችን ወጣት ነው። በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ ውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ብዙ ሰው ደስ አለው፤ ጨዋታው ግን ስልክ ውስጥ ነበርና እዚያው ቀጠለ።

«ከወጣልኝ ሰደቃ አወጣለሁ» የምትላትን ደግሞ ተዋት። ሰደቃ ማውጣት ከፈለግክ ከደሞዝህ አሥር ብር ይበቃል፣ አብሽር።

ደሞዙ ትንሽ መሆኑን አልክድም። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ በሕግ አልተወሰነም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ አለፈው። ስለዚህ ትኬቱ የደሞዝ ጭማሪ ይመስላል። እኔ የምፈራው 10 ብሯን አይደለም፤ ከተበላ በኋላ ለማስመለስ የምትገባበትን ነው። ከቴሌብር መላ ተበድረህ አስይዘሃል ሲሉ ሰማሁ። ብድሩ ተጨማሪ ክፍያውን ይዞ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ወር ደሞዝ ሲገባ ቀድሞ የሚሄደው ለእሱ ነው። ማታ አልጋ ላይ ሆነህ አቪዬተር የሚባለውን የስልክ ቁማር መጫወት ጀምረህ እንደሆነ ደግሞ ያ ከኳሱም ይከፋል፤ ኳስ ቢያንስ 90 ደቂቃ ያስጠብቅሃል፣ ያኛው በሰከንዶች ነው የሚበላህ።

ምን ላድርግ ካልከኝ፣ የእኛ ላይን ልጆች እቁብ አላቸው፤ ደሞዝ በገባበት ቀን ነው የሚሰበሰበው፣ እጅህ ላይ ሳይውል። ባንክ ከመረጥክ ወለድ የሌለበት ሞልቷል፤ ዘምዘም ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ኑር አለው። ኳሱን እይ፣ ማን ከለከለህ? ፍራንኮ ሰፈር ሄደህ ሻይህን እየጠጣህ ከጓደኞችህ ጋር ጩኽ። ብር ሳታስይዝ የምታየው ጨዋታ እንደውም ደስ ይላል፤ የሚሸነፈው ቡድኑ ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ አካውንቱን ለባለቤቱ መልስለት፣ ከቴሌግራሙም ውጣ። የተበደርከው ካለ ስንት እንደሆነ ጽፈህ ነገ ጠዋት ከሽፍት በፊት ስጠኝ፤ በስንት ወር እንደሚያልቅ አብረን እናስላው። ዴራ ላሉት እናትህ አልነግራቸውም። ደውሉ ሊደወል ነው፣ ተነስ።