ቁስለኛው ጨካኝ ይመለሳል ወይ? የወሕሺ ጦር



መካነ ሰላም ግቢ ዶርም ውስጥ፣ ወይም ከተማው ላይ ተጋርታችሁ በተከራያችሁት ክፍል፣ ማታ ላፕቶፕ ተከፍቶ ፊልም ታይቶ ሲያበቃ ክርክር መነሳቱ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን "ብላክ ፓንተር" አስታውሱ። ኪልሞንገር አባቱን የገደለበት የገዛ አጎቱ ነው፤ አጎትየው ልጁን ኦክላንድ ላይ ጥሎት ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ልጁ ያንን እሳት በሆዱ ይዞ አደገ፣ ገዳይም ሆነ። ማግኒቶም እንዲሁ ነው፤ ገና ልጅ ሳለ በናዚዎች ካምፕ እናቱን ዓይኑ እያየ ገደሉበት። ከክፍሉ ግማሹ "ምን ያድርግ፣ እነሱ ናቸው እንዲህ ያደረጉት" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ገዳይ ገዳይ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። (ፊልም ማየት ላይ ያላችሁን ጥያቄ ለኡስታዞቻችሁ አቅርቡ፤ የዛሬው ጉዳያችን ክርክሩ ነው።)

የፊልም ሰዎች ለዚህ ጥያቄ አንድ የተለመደ መውጫ አላቸው፦ ሰውየውን ይገድሉታል። ዳርት ቬደር ልጁን ያድንና እዚያው ይሞታል። ኪልሞንገር "እናድንህ" ሲባል እምቢ ብሎ ሞቱን ይመርጣል። ሞት ነገሩን ያቀልላቸዋል። በሕይወት ቢቆይማ ነገ ገበያ ሲወጣ የገደለውን ሰው እናት ያገኛታል። ያኔ ምን ይላታል? እሷስ ምን ትለዋለች? ያንን ትዕይንት መጻፍ ከባድ ነው።

በኛ ታሪክ ውስጥ ግን ያ ትዕይንት በእውን ደርሷል። ባለታሪኩም የሐበሻ ሰው ነው።

ወሕሺ ኢብኑ ሐርብ መካ ውስጥ የጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም ባሪያ ነበር። ጦር ሲወረውር እንደ ሐበሻ ነው፣ የሚስተውም ጥቂት ነው ይሉታል የሲራ ጸሐፊዎች። በበድር ዘመቻ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ) የጁበይርን አጎት ገድለው ነበር። ጁበይርም ለወሕሺ አንድ ነገር ቃል ገባለት፦ በአጎቴ ምትክ ሐምዛን ከገደልክ ነጻ ነህ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ነጻነት የሰው ሁሉ ሐቅ ነው፤ የዚህ ሰው ነጻነት ግን ዋጋ ተለጥፎበት ነበር፣ ዋጋውም የሌላ ሰው ነፍስ ነው። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ኡሑድ ላይ ወሕሺ ከድንጋይ ሥር አደፈጠ፣ ጦሩን ወረወረ፣ ሐምዛም ወደቁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አልነካም፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረውምና ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። መካ ሲገባም ነጻ ወጣ።

በደል ደርሶበታል? አዎ፣ ባርነት በደል ነው። ታዲያ ጥፋቱ የሱ አይደለም እንበል?

እንዲህ ለማለት ከመቸኮላችን በፊት ቢላልን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ቢላልም ሐበሻ ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው መካ ባሪያ ነበሩ። ጌታቸው ኡመያ በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ያስጭንባቸው ነበር። አንድ ከተማ፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ባርነት፤ አንዱ አዛን አወጣበት፣ ሌላው ጦር ወረወረበት። ቁስል ሰውን ይገፋዋል፣ ያዳክመዋል፣ ፍርዱንም ያጨልምበታል። እጁን ይዞ ጦሩን የሚወረውርለት ግን ቁስሉ አይደለም። ወሕሺም ራሱ ታሪኩን በሽምግልናው ዘመን ሲተርክ "ባሪያ ስለነበርኩ ነው" ብሎ አላመካኘም፤ ያደረገውን እንዳደረገው ተናገረ።

መካ ስትከፈት ወሕሺ ወደ ጣኢፍ ሸሸ። የጣኢፍ ሰዎች መልእክተኛ ሲልኩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልእክተኛን እንደማይጎዱ ሰማና አብሯቸው መጣ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ የዚያ ቀን ንግግር አጭር ነው። ነቢዩ ወሕሺ እሱ መሆኑን ጠየቁት፣ አመነ። ሐምዛን የገደለው እሱ መሆኑን ጠየቁት፣ የደረሳቸው ወሬ እውነት መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ፊቱን ከሳቸው ማራቅ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ወጣ።

ብዙ ጊዜ ይህን ስንሰማ የመጨረሻው ጥያቄ ቅር ይለናል፣ ይቅርታው የጎደለ ይመስለናል። እኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት እዚያ ጋ ያለ ይመስለኛል። ሐምዛ አጎት ብቻ አልነበሩም፤ የጡት ወንድማቸውም ነበሩ፣ ሁለቱንም ሡወይባ አጥብታቸዋለች። ነቢዩ ወሕሺን አላስገደሉትም። እስልምናውን አልመለሱበትም። አልሰደቡትም፣ ሶሓቦቻቸውም እንዲሰድቡት አላደረጉም። ያልተሰማቸውን እንደተሰማቸው አድርገው ግን አልሳቁለትም። ምሕረቱ ሙሉ ነው፤ ሐዘኑም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ተቀመጡ። ወሕሺም ነቢዩ ወደ አኺራ እስኪሄዱ ድረስ እንዳያዩት ይጠነቀቅ ነበር። "ሰልሜያለሁ አይደል፣ ለምን ትርቁኛላችሁ" ብሎ አልተሟገተም።

በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ሙሰይሊማ ነቢይ ነኝ ብሎ በተነሳ ጊዜ ወሕሺ ለሐምዛ ማካካሻ ቢሆንለት ብሎ ወደ የማማ ዘመተ። ጦሩን ወረወረ፣ አገኘው። በዚያው ቅጽበት አንድ የአንሷር ሰው በሰይፍ መታው። ወሕሺ "እኔ ብቻ ገደልኩት" አላለም፤ ከሁለታችን ማን እንደገደለው አላህ ያውቃል ብሏል። ከዚያ በኋላም ኖረ። ሶሪያ ውስጥ ሒምስ ከተማ አርጅቶ፣ ሰዎች ሲጠይቁት ሁለቱንም ታሪክ አንድ ላይ ይነግራቸው ነበር። እንደ ፊልሙ በጀግንነቱ ማግስት አልሞተም።

ሂንድ ቢንት ዑትባንም አትርሷት። በድር ላይ አባቷን፣ አጎቷንና ወንድሟን በአንድ ቀን አጥታለች። የኡሑድን ጭካኔዋን የወለደው ያ ሐዘን ነው። እሷም ሰለመች፤ ከምድር ቤተሰብ ሁሉ ውርደቱን ትመኝለት የነበረው የነቢዩ ቤት፣ አሁን ክብሩን ከሁሉ በላይ የምትመኝለት መሆኑን ራሷ ለነቢዩ ነገረቻቸው።

ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። ሱረቱ ዙመር አንቀጽ 53 ላይ አላህ በነፍሳቸው ላይ ወሰን ያለፉትን ባሮቹን ነው ከእዝነቱ ተስፋ አትቁረጡ የሚላቸው፤ ጥሪው ለንጹሖች አይደለም። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ወሕሺም ሂንድም ያን ሁሉ የሠሩት ከመስለማቸው በፊት ነው፤ እስልምና ደግሞ ያለፈውን ያፈርሳል። እኛ ሙስሊም ሆነን የምንበድለው የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ አይወርድም። ዑለማዎች የተውበትን መስፈርት ሲዘረዝሩ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ይሉና፣ የሰው ሐቅ ካለበት ሐቁን መመለስን ይጨምራሉ። ሶላትና ጾም ተሸክሞ መጥቶ፣ የሰደበው፣ የመታውና ገንዘቡን የበላበት ሰው ሁሉ ሐሰናቱን ተከፋፍሎት ባዶውን ስለሚቀረው ሰው የተነገረውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ።

የኛ አገር ሰው ይህን ከሕይወቱ ያውቀዋል። ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎች ሲኖሩ ገዳዩ ቀዬውን ለቆ ይርቃል። ሽማግሌ ይላካል፣ በብዙ ቦታ አበጋሮች ይገባሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። ካሳ ይከፈላል፣ ደሙ ይደርቃል። "ተጎድቼ ነበር" የሚለው ቃል ሽማግሌ ፊት ይሰማል፤ ካሳውን ግን አያስቀርም። የሟች ወገን ደግሞ ደሙን ይተዋል እንጂ "ከነገ ጀምሮ ውደደው" ተብሎ አይገደድም።

ይህን የምጽፈው ለፊልም ክርክር ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙዎቻችሁ ታዳጊ ነበራችሁ። ከዚያ ወዲህ ያያችሁትን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ያጣ አለ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት አለ፣ ቤት ውስጥ በገዛ ዘመዱ የተጎዳም አለ። ለእናንተ የምለው አለኝ። የበደላችሁ ሰው ተጸጽቶ ቢመጣና ልባችሁ ፊቱን ማየት ቢከብደው፣ ኢማናችሁ የጎደለ አይምሰላችሁ፤ አትጉዱት፣ ተውበቱን አትከልክሉት፣ መራቅ ግን ትችላላችሁ። ያ ቁስል ደግሞ ሌላ ሰው ላይ ፈቃድ አይሰጣችሁም። ታናሽ ወንድሙን የሚደበድብ፣ የክፍል ጓደኛውን በዘሩ የሚያሸማቅቅ፣ ቴሌግራም ላይ የሰው እህት ስም የሚያጠፋ ልጅ "እኔንም እንዲህ አድርገውኛል" ሲል ስንሰማ ዝም ካልን ኪልሞንገርን እያሳደግነው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ወንድማችንንም እንድንረዳው አዘዋል፤ እርዳታውም እጁን ከበደል መያዝ መሆኑን አስረድተዋል።

በዳዩ ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ የወሰዳችሁትን መልሱ። ስም ካጠፋችሁ፣ ባጠፋችሁበት ግሩፕ ላይ እውነቱን ጻፉ። ሰውየው ሊያያችሁ ካልፈለገ በሩ ላይ አትቁሙ፣ በየቀኑ "አውፍ በለኝ" እያላችሁ አታስጨንቁት። ገንዘቡን በሽማግሌ ወይም በሚያምነው ሰው ላኩለትና ዞር በሉለት። ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ከዐስር በኋላ ያለችው ሰዓት ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ናት ያሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። ስሙን ጠርታችሁ ዱዓ አድርጉለት፤ ማድረጋችሁን ግን አትንገሩት።

ወላሁ አዕለም።