የጭንቀትን አሳብ በእምነት ስለ ማሸነፍ

ምእመናን ሆይ፤ በባሕር ዳር አጠገብ በጣና ሐይቅ የሚቀዝፍ ሰው የደንገል ታንኳውን ሥራው ሲፈጸም ወደ ምድር አውጥቶ ያደርቀዋል፤ በውሃ ላይ ቢተወው ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳልና።

የሰውም ልብ እንዲሁ ነው። የጭንቀት አሳብ መምጣቱ ኃጢአት አይደለም፤ ጉዳቱ አሳቡን በልብ ማሳደር ነው። ሐዋርያትም በገሊላ ባሕር ማዕበል በተነሣ ጊዜ፥ ጌታ አብሮአቸው በታንኳው ሳለ ፈርተዋል (ማር. 4፥35-41)። ነገር ግን ፍርሃታቸውን አልሸሸጉም፤ ጌታን ቀሰቀሱት፥ እርሱም ነፋሱን ገሠጸ።

እንግዲህ ስለ ልጁ፥ ስለ እርሻው፥ ስለ ሕመሙ የሚጨነቅ ሁሉ አሳቡን በሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ለእግዚአብሔር ያቅርብ፤ ለንስሐ አባቱም ይግለጥ። ሥራውንም አይተው፥ ሐኪምንም አይናቅ፤ እምነት መቅዘፊያን አያስጥልምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።