ቶክን ልታድዪ ነው አሉ

ነይ እስኪ እታለም፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። ባሮ ወንዝ ዳር ችግኝ ለተከሉት ልጆች የራስሽን ቶክን ፈጥረሽ በቴሌግራም ቻናልሽ ልታድዪ ነው አሉ። ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። ግን ቶክን መፍጠሩን ዋናው ሥራ አታድርጊው፤ እሱ በአንድ ምሽት ያልቃል። ወገብ የሚቆርጠው ማን ይውሰድ የሚለው ነው።

ቴሌግራም ላይ ይጫወቱት የነበረውን ሃምስተር ኮምባትን መቼም አትረሺውም። ስንቱ ወጣት ክረምቱን ሙሉ ስክሪን ሲነካ ከረመ! ቶክኑ ገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፣ የደመራ ዕለት። አዘጋጆቹ 2.3 ሚሊዮን አካውንት አጭበርብሯል ብለው ከዝርዝሩ ሰረዙ፤ ለ131 ሚሊዮን ያህል ተጫዋች ደረሰው፤ ለእነሱም ቢሆን ከድርሻቸው 11.25 በመቶው ለሌላ ጊዜ ተያዘ። የቶክኑ ዋጋ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ብዙ ሰው የተናደደው ግን በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ወራት ከለፋ በኋላ በምን መስፈርት እንደተመዘነ የሰማው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። አንቺ ይህን እንዳታደርጊ። ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚለውን ሦስት መስመር ጽፈሽ መጀመሪያ ለጥፊ፤ ከለጠፍሽ በኋላ አንዲት ቃል አትቀይሪ። ለኑዌርኛና ለአኙዋክኛ ተናጋሪዎቹም በቋንቋቸው ይነበብላቸው፤ የሚተረጉም ጓደኛ አታጪም።

ማጣሪያሽ ላይ ደግሞ ልብ በይ፣ የኔ ቆንጆ። ትልልቆቹ ቶክን አዳዮች በአንድ ስልክ ብዙ አካውንት ካዩ አጭበርባሪ ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን አንዱን ስልክ ሦስት ወንድማማች ይዞት ይውላል። ሦስቱም ችግኝ ተክለው ከሆነ ሦስቱም ይገባቸዋል። አንቺ ሰዎቹን በፊታቸው ታውቂያቸዋለሽ፤ በተከላው ቀን የመዘገብሽው ደብተር ከማንኛውም ቦት የተሻለ ማጣሪያ ነው። በስም በስም አመሳክሪ።

ሕጉን ሳልነግርሽ አላልፍም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ ቢትኮይንና መሰሎቹን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ቶክንሽን በብር አትሽጪ። ኒውላንድ ሰፈር ካለ ሱቅ ዕቃ ግዙበት አትበይ። ነገ ዋጋው ይጨምራል የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ አንዷ እናት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ይዛ ብትመጣ ምን ትያታለሽ? ምስጋና ነው ብለሽ ጀምረሻል፣ ምስጋና ሆኖ ይቅር።

አሁን ወደ ሥራው። ቻናልሽ ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ቶን በሚባለው ብሎክቼይን ላይ እንደምትሠሪው ገምቻለሁ። መጀመሪያ ቴስትኔት ላይ ሞክሪው፤ እዚያ ያለው ቶን ለልምምድ ነው፣ ብታበላሺም አያከስርሽም። ስሙን፣ ሥዕሉንና ብዛቱን አይተሽ ከጨረስሽ በኋላ እውነተኛውን አትሚ፤ ካተምሽም በኋላ የአድሚንነት መብትሽን ልቀቂ። ያኔ ተጨማሪ ማተም አንቺም ሆነ ሌላ አይችልም። ከለቀቅሽ ወዲያ ግን የተሳሳተ ስም ማረም የለም፣ ስለዚህ አትቸኩዪ ሆድዬ።

ዜሮዎቹን ቁጠሪ። ቶን ላይ ቶክን በተለምዶ ዘጠኝ ዲሲማል አለው፤ 10 ቶክን ስትልኪ ኮንትራቱ የሚያነበው ቁጥር 10,000,000,000 ነው። በዋሌት አንድ በአንድ ስትልኪ ዋሌቱ ያሰላልሻል፤ ዝርዝሩን በስክሪፕት ከላክሽ ግን ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።

አድራሻ ስትሰበስቢ በእጅ ተጽፎ የመጣ አትቀበዪ። 48 ፊደልና ምልክት ነው፣ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል፤ ኮፒ አድርገው ይላኩልሽ። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዱ የኤክስቼንጅ አድራሻ ይሰጥሻል፣ በተለይ በሃምስተር ጊዜ አካውንት የከፈተው። ኤክስቼንጁ የማያውቀውን ቶክን ወደዚያ ብትልኪ ልጁ እጅ አይገባም። የሚስጥር ቃላቱን ራሱ የያዘበት ዋሌት መሆኑን ጠይቂ።

አንዳንዱ መካሪ ልጆቹ ራሳቸው ገብተው ይውሰዱ፣ ክሌይም ያድርጉ ይልሻል። ለመቶ ሺህ ሰው ልክ ነው፣ የኔትወርክ ክፍያውን ተቀባዩ ይችላልና። ያንቺ ልጆች ግን ዋሌታቸው ባዶ ነው፤ ለክሌይም የሚከፈለውን ቶን የት ሄደው ይገዛሉ? ላኪላቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት የኔትወርክ ክፍያ ትከፍያለሽ፤ ከመጀመርሽ በፊት ደምሪውና አቅምሽ የሚችለውን ያህል ሰው ብቻ አስገቢ።

አጭበርባሪ ደግሞ ይመጣል፣ እርግጠኛ ሁኚ። ቻናልሽን አስመስሎ ይከፍትና ዋሌታችሁን በዚህ ሊንክ አገናኙ፣ ወይም 24ቱን ቃላት ላኩ ይላቸዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለጥፈሽ ፒን አድርጊ፦ ማንንም በውስጥ መስመር ቀድሜ አላናግርም፣ ገንዘብ አልጠይቅም፣ ሊንክ አልልክም፣ የሚስጥር ቃል የሚጠይቅ እኔ አይደለሁም። አንድ ልጅ ተዘረፍኩ ብሎ ቢመጣ አትቆጪው፤ የቀረ ነገር ካለው ወደ አዲስ ዋሌት እንዲያዛውር ቶሎ እርጂው።

አድለሽ ስትጨርሺ የተረፈውን ቶክን ለራስሽ አታስቀሪ። አቃጥዪውና የማስረጃውን ሊንክ ቻናሉ ላይ አድርጊ። ደብተሩን ግን እንዳትጥዪ፤ ስሜ ተዘሏል የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፣ ያኔ አብራችሁ ገልጣችሁ ታያላችሁ።