ሰንሰለት ያልሆነው ሱቅ፦ የቅርንጫፍ ንግድ ታሪክ ከቢቸናና ከሞጣ ሲታይ

መግቢያ

የችርቻሮ ንግድ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ መሰላል ይቀርባል፤ ከገበያ መደብ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ትልቅ መደብር፣ ከመደብርም ወደ ቅርንጫፎች ሰንሰለት። የዚህ አቀራረብ መነሻ በአብዛኛው የብሪታንያ ተሞክሮ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙትን ቢቸናንና ሞጣን በማንሳት የቤተሰብ ሱቅ ያልተጠናቀቀ ሰንሰለት አለመሆኑን ያስረዳል። የሱቁን መልክ የወሰኑት መጓጓዣ፣ ሕግና ኪሳራን የመሸከም አቅም ናቸው።

የብሪታንያው መነሻ

ሚካኤል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1884 በሊድስ ከተማ ገበያ የከፈተው መደብ በኋላ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ለተባለው ድርጅት መሠረት ሆነ። ዕቃው ሁሉ በአንድ ፔኒ ይሸጥ ስለነበር ክርክርም ዱቤም አላስፈለገውም። የባቡር መስመር፣ በፋብሪካ የሚመረት ዕቃና ደመወዝተኛ ሸማች በአንድነት መገኘታቸው አንዱን መደብ ብዙ ለማድረግ አስችሏል። ሰንሰለቱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1909 በሊቨርፑል የጀመረው የብሪታንያ ዉልዎርዝስ ከ800 በላይ ሱቆቹን እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 2009 ዘግቶ ጨርሷል።

ከሲራራ ንግድ እስከ ኩባንያ

ባለቅርንጫፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። የሕንዳውያኑ መሐመድ አሊ ኩባንያ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሐረር፣ ኋላም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ይነግድ ነበር። የፋሺስት ጣሊያን አስተዳደር በ1929 ዓ.ም. ከአገር አስወጣው።

የኩባንያዎች ንግድ ዋና መተላለፊያ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ አባይን አልተሻገረም። በጎጃም የሩቅ ንግድ በሲራራ ነጋዴዎችና በጭነት ከብት የሚካሄድ፣ በሳምንታዊ ገበያ የሚገናኝ ነበር፤ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ነበር። አሞሌ ጨውም እንደ ሸቀጥና እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ሞጣ በሰባራ ድልድይ በኩል ከቤጌምድር ጋር ይገናኝ ነበር። ኋላም ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ሁለቱን ከተሞች የእህል መውጫና የሸቀጥ መግቢያ አደረጋቸው። በእንዲህ ያለው አካባቢ የገበሬው ገቢ ከአዝመራ ጋር የሚመጣ በመሆኑ ባለሱቁ ደንበኛውን በስም አውቆ በዱቤ መስጠት ነበረበት። ዱቤ ከሰው ጋር ያለ ትውውቅ ነው፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ አይዛወርም።

የመንግሥት ሰንሰለት

በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ጅምላ ንግድን ካፒታል በ300,000 ብር፣ የችርቻሮውን በ200,000 ብር ወሰነ፤ አንድ ሰውም ከአንድ በላይ የንግድ ሥራ እንዳይዝ ከለከለ። በዚህ ሕግ የግል ሱቅ ቅርንጫፍ ማብዛቱ ተዘጋ። ቦታውን የያዙት የመንግሥት ማከፋፈያ ድርጅቶች፣ የከተማ ቀበሌ ሱቆችና የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆች ነበሩ። አንድ ዓይነት ዕቃ በተወሰነ ዋጋ ከማእከል ወደ ብዙ ሱቆች መላኩ ከውጭ ሲታይ የሰንሰለት ንግድ ነው።

ነገር ግን ይህ ሰንሰለት ከእህል ግዢ ጋር የተጣመረ ነበር። ገበሬው በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በተተመነ ዋጋ እህል ያቀርባል፤ በጎጃምና በአርሲ ደግሞ የእህል ነጋዴው የገዛውን ሁሉ ለኮርፖሬሽኑ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ስለዚህ የማርክስ መደብ ሸማችን በዋጋ ሲስብ፣ የማኅበሩ ሱቅ ሸማችን በግዴታ ከተሳሰረ ሥርዓት ውስጥ ያገኘው ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና ኮታው ሲነሣ ሱቁ የቆመበት ምሰሶም ወደቀ።

ኪሳራን የሚሸከመው ማን ነው?

ከዚያ በኋላ የግል ሱቅ እንደገና ቢያብብም በአመዛኙ የቤተሰብ ሆኖ ቀጥሏል። የዚህ መልክ ድክመት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ጎልቶ ታይቷል። መስጊዶች በተቃጠሉበት በዚያ ጥቃት የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወድመዋል። ባለብዙ ቅርንጫፍ ድርጅት አንድ ሱቅ ቢቃጠልበት ጉዳቱን በሌሎቹ ያካክሳል። የቤተሰብ ሱቅ ሲቃጠል ግን ዕቃው፣ የዱቤው መዝገብና የቤተሰቡ መተዳደሪያ አብረው ይጠፋሉ።

መደምደሚያ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። ውይይቱ እስካሁን ያተኮረው በዋጋና በውድድር ላይ ነው። ከቢቸናና ከሞጣ ሲታይ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፦ ትልልቅ መደብሮች ሲመጡ በክረምት እህሉን ለጨረሰ ገበሬ ዱቤ የሚሰጠው ማን ነው? ይህን ለመመለስ የነጋዴዎች የዱቤ መዝገቦች፣ የንግድ ፈቃድ ሰነዶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቃለ ጉባኤዎች ሳይጠፉ መሰብሰብ አለባቸው። በእጅ የተጻፉ፣ ቅጂም የሌላቸው ናቸውና ከሱቁ ጋር አብረው የሚጠፉ ምንጮች ናቸው።