ቁልፍ ያዡ ማነው?

በመቀሌ ከተማ፣ በዓይደር፣ ትልቅ ሆስፒታል አለ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታል የበሽተኛ ስምና ቀጠሮ በኮምፒዩተር ይመዘገባል። ኮምፒዩተር የሚሠራው ፕሮግራም በሚባል ትእዛዝ ነው።

ጎተራ ሲሰነጠቅ አይጥ ይገባል። ገበሬው ስንጥቁን በጭቃ ይመርገዋል። ፕሮግራምም ስንጥቅ አያጣም። መምረጊያው ማሻሻያ ይባላል።

ታዲያ ማሻሻያውን ማን ያስገባ? ሁሉም ቢፈቀድለት፣ አንዱ ሳያውቅ የሌባ ፕሮግራም ያስገባል። ስለዚህ ፈቃዱ ለኃላፊ ይሰጣል። እርሱ አስተዳዳሪ ይባላል። የምስጢር ቃሉን የሚይዝ እርሱ ነው። ሌላው ሠራተኛ ሥራውን ብቻ ይሠራል።

ነገር ግን ቁልፍ ያዡ ከተኛ ቁልፉ ምን ይረባል? በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የተባለ ኩባንያ አንድ ማሻሻያ አወጣ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሳያስገቡት ቆዩ። በግንቦት ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም 150 በሚያህሉ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ። ለመክፈቻም ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር የብዙ በሽተኞች ቀጠሮ ተሰረዘ።

የመጋዘን ቁልፍ ለታመነ ሰው ይሰጣል። የታመነውም በሰዓቱ ይገኛል። የኮምፒዩተርም ነገር ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የማኅበራችሁን መጋዘን ቁልፍ ማን ይይዛል? እርሱ ሲታመምስ ማን ይከፍታል? ተወያዩበት።